ለወተት ላሞች የመታከኪያ ምሰሶ አተካከል
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለወተት አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት

ከብት ሳይታከክ አይውልም። ሜዳ ላይ የዋለ ከብት የዛፍ ግንድ ያገኛል። በአቃቂ ቃሊቲ በጠባብ ግቢ ታጉራ የምትቀለብ ላም ግን ያገኘችውን ትጠቀማለች፤ የቆርቆሮ ጠርዝ፣ የእሾህ ሽቦ፣ ሚስማር የወጣበት አጥር። ሽቦ የጫረው ቆዳ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው በፀጉር ተሸፍኖ ይቆይና ቆዳው ፋብሪካ ገብቶ ፀጉሩ ሲነሳ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ደረጃው ይወርዳል። ከአቃቂ እስከ ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ባሉበት አካባቢ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

መታከክ ለላሟ ቅንጦት አለመሆኑም ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ላሞች መታከኪያ ብሩሽ ለማግኘት ትኩስ መኖ ለማግኘት የሚገፉትን ያህል ክብደት ያለው በር እንደሚገፉ አሳይቷል።

ቦታ ሲመረጥ ከአዳኞች ብልሃት መዋስ ይቻላል። በአሜሪካ የአጋዘን አዳኞች ሰው ሠራሽ ግንድ የሚተክሉት አጋዘኑ ቀድሞ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው። እኛም መጀመሪያ ፀጉር የተጣበቀበትን አጥርና ግድግዳ ፈልገን ምሰሶውን በዚያው አቅራቢያ እንትከል፤ ሽቦውንም እናንሳ። ከገንዳው አጠገብ ግን አይተከል፤ ኃይለኛዋ ላም እዚያ ቆማ ሌሎቹን ከመኖና ከውኃ ትከለክላለች።

ምሰሶው ቅርፊቱ የተላጠ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረትና 2 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ባሕር ዛፍ ቢሆን ይበቃል። ጉድጓዱ እስከ 1 ሜትር ይቆፈር። የአካባቢው ጥቁር መሬት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የወጣውን አፈር መልሶ መሙላት ምሰሶውን ያዘምመዋል። በድንጋይና በጠጠር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ከላሟ ጉልበት በላይ ጀምሮ እስከ ጀርባዋ ከፍታ የቃጫ ገመድ አጥብቆ መጠምጠም ነው። ሚስማር ፈጽሞ አይመታበት።

አንዳንዶች ገመዱን ከጋራዥ በመጣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይነክሩታል። ይህ መቆም አለበት። በዘይቱ ውስጥ እንደ እርሳስ ያሉ መርዛማ ብረቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ላሟ ምሰሶውን ስትልስ ወደ ሰውነቷ፣ ከዚያም ወደ ወተቱ ይገባሉ። ሬንጅ የጠጣ አሮጌ የመብራት እንጨትም እንዲሁ አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን እከክና ቅማል ነው። ምሰሶው የጋራ ስለሆነ አንዲት የታመመች ላም የተወችውን ሌሎቹ ይወስዱታል፤ የእከክ ተዋሲያን ከከብቱ ገላ ውጪ ለቀናት ሊቆዩ ይችላሉ። በመሆኑም እከክ ባለበት በረት ምሰሶ አይተከል፤ ሕክምናው ይቅደም። በሌላ በኩል ምሰሶው ጥሩ ጠቋሚ ነው። ከመታከኪያው የማትለይ፣ አንገቷ ወይም የጭራዋ ሥር የተመለጠና ቅርፊት ያበጀ ላም ካለች ቶሎ ትለይ። አላቢውም እጁን ይጠብቅ፤ አንዳንዱ እከክ ሰውንም ያሳክካል።

ያን ጊዜ ገመዱ ተፈትቶ ይቃጠል፣ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ጤነኛ የሚመስሉትም ጭምር ሁሉም በአንድ ቀን ይታከሙ። አብዛኛው የቅማል መድኃኒት እንቁላሉን ስለማይገድል ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሕክምናው ይደገማል። ለምታለብ ላም የማይሰጡ መድኃኒቶች ስላሉ፣ ወተቱ ለስንት ቀን ከሽያጭ እንደሚታገድ ሐኪሙ ሳይነግራችሁ መርፌው አይወጋ። አዲስ ገመድ የሚጠመጠመው ሁለተኛው ሕክምና ካለቀ በኋላ ነው።