ግሉኮሱ ከመሰቀሉ በፊት

ይህ ማሳሰቢያ በቬንቲሌተር ወይም በሲፓፕ እየተረዳ ባለ ሕመምተኛ አልጋ ዳር ለሚቆሙ ሁሉ ነው፤ ፕሮብ ለሚይዘው ሪዚደንት፣ ከረጢቱን ለምትሰቅለው ነርስ፣ በሩ ላይ ቆሞ «ምን ተደረገለት?» ለሚለው አስታማሚም። አልትራሳውንድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ድረስ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ አንዲት ሥዕል ብቻዋን «ይጨመርለት» ወይም «ይቁም» ማሰኘት ስትጀምር ነው።

ደም ግፊት ሲወርድ እጃችን ፈጥኖ የሚሄደው ወደ ኖርማል ሳላይን ነው። ይህ ልማድ በገዛ አህጉራችን ተፈትኖ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም ያለባቸውን ከ3,000 በላይ ሕፃናት ተከታትሎ ነበር። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ 10.6 በመቶ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከዛምቢያ የአዋቂዎች ውጤት መጣ። ሴፕሲስ ይዟቸው ግፊታቸው ከወረደ ሕመምተኞች መካከል ፈሳሽን በሚያበዛው ፕሮቶኮል የታከሙት 48.1 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት 33 በመቶ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። ሁለቱም ጥናቶች የተካሄዱት የመተንፈሻ መሣሪያ እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ስለሆነ ለእኛ ባዕድ አይደሉም።

መሣሪያው ላይ ላሉትም ቢሆን ቁጠባው ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ 1,000 ሕመምተኞችን ይዞ፣ ሾኩ ካለፈ በኋላ ፈሳሽ መቆጠብን ከማብዛት ጋር አነጻጸረ። በ60 ቀን የሞት ልዩነቱ ጎልቶ አልወጣም፤ የተቆጠበላቸው ግን በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ያለ ቬንቲሌተር የቆዩበት ጊዜ በአማካይ 2 ቀን ተኩል ያህል በልጦ ተገኘ። መሣሪያ በወረፋ በሚጠበቅበት ክፍል 2 ቀን ተኩል ማለት የሌላ ሰው ተራ ነው።

በቬንቲሌተር ላይ ያለን ሰው የደም መልስ ሥዕል በራሱ እንደሚተነፍስ ሰው ሥዕል አድርጋችሁ አታንብቡ። አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። አይቪሲ የምንለው፣ በጉበት በኩል አልፎ ወደ ልብ የሚገባው ታላቁ ደም መልስ፣ በራሱ በሚተነፍስ ሰው አየር ሲገባ ይጠባል፤ የደረት ግፊት ወርዶ ደሙ ወደ ልብ ስለሚሳብ ነው። ቬንቲሌተር ግን አየሩን ገፍቶ ያስገባል። የደረት ግፊት ይጨምራል፣ ደም ወደ ልብ መግባት ይከብደዋል፣ ሥሩም በዚያው ቅጽበት ይሰፋል። ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ ማለት ነው። ብዙዎቻችን በቃል የያዝነው «2.1 ሳንቲ ሜትርና 50 በመቶ» የወጣው በራሳቸው ለሚተነፍሱ ነው፤ ያውም የቀኝ ልብን ግፊት ለመገመት እንጂ ፈሳሽ ለማዘዝ አይደለም።

ለቬንቲሌተር እ.ኤ.አ. በ2004 የቀረበው መለኪያ ሌላ ነው። ከሰፊው ጠባቡን ቀንሱ፣ ለጠባቡ አካፍሉ፤ ከ18 በመቶ ከበለጠ ፈሳሽ የልብን ሥራ ሊያሻሽል ይችላል ይላል። ቁጥሩ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ሕመምተኛው በራሱ ፈጽሞ መተንፈስ የለበትም፤ የሚሰጠው ትንፋሽ፣ ቲዳል ቮልዩሙ፣ በኪሎ 8 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ፒፑ (ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው ግፊት) የበዛ፣ ሆዱ የተወጠረ፣ ቀኝ ልቡ የደከመ ከሆነ አይሠራም። እኛ ደግሞ ሳንባን ለመጠበቅ ብለን፣ ልክም ነን፣ 6 ሚሊ ሊትር ነው የምንሰጠው። በቁመቱ የተሰላ ክብደቱ 70 ኪሎ ለሆነ ሰው 420 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በዚህ መጠን ሥሩ ሳይንቀሳቀስ ቢቀር የገፋው አየር አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሽ አይጠቅመውም ማለት አይደለም። 18 በመቶን ጽፎ ቲዳል ቮልዩሙን ያልጻፈ ቻርት ምንም አልነገረንም።

የሲፓፕ ጭምብል ያደረገ ሕመምተኛማ ከሁለቱም አይመደብም። እሱ ይስባል፣ መሣሪያው ይገፋል። ለእሱ የአይቪሲን መቶኛ አስሉ ብዬ አልመክርም።

ሰፊ ሥር አይታችሁ «ሞልቷል»፣ ጠባብ አይታችሁ «ደርቋል» አትበሉ። ከፍ ያለ ፒፕ፣ የሳንባ ደም ሥር መዘጋት፣ የቀኝ ልብ ድካም፣ ሁሉም ሥሩን ያሰፉታል። ውሃ የቋጠረ ሆድ ደግሞ ጨፍልቆ ያጠበዋል። በትንፋሽ ጉበቱ ሲንቀሳቀስ ሥሩ ከፕሮቡ መስመር ያመልጥና የተጨማደደ ይመስላል፤ ስለዚህ በቁመቱም በአግድሙም እዩት።

ከሥሩ በፊት ልቡን እዩ። ግራው ይጨመቃል? ቀኙ አብጦ ግራውን ይገፋል? በአገራችን የሩማቲክ ልብ ሕመም ገና አልጠፋም፤ ሚትራል ቫልቩ የጠበበ ወጣት ላይ በችኮላ የተለቀቀ አንድ ሊትር ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ይገኛል። ይህን ለማየት የካርዲዮሎጂ ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም፤ ተጠራጥሮ ሰው መጥራት ይበቃል።

ሳንባውን ሳታዩ አትጨምሩ። ከሳንባ ሽፋን ተነሥተው እንደ መብራት ጨረር ወደ ታች የሚወርዱትን፣ ቢ መስመር የሚባሉትን ቁጠሩ። በሁለት የጎድን አጥንቶች መሃል 3 ወይም ከዚያ በላይ ሆነው በሁለቱም ጎን ከታዩ ሳንባው እርጥብ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን» ማለቴ የሳንባ ምች፣ ጠባሳ፣ የሳንባው የራሱ ጉዳትም ያንኑ መስመር ስለሚያወጡ ነው። ሽፋኑ የተቆራረጠና ሸካራ፣ መስመሮቹ እዚህ በዝተው እዚያ የጠፉ ከሆነ ወደ ሳንባ ሕመም አስቡ። ከሁሉ የሚበልጠው የዛሬውን ከትናንቱ ማነጻጸር ነው፤ ንጹሕ የነበረ ቦታ ላይ ከፈሳሽ በኋላ አዲስ መስመር ከወጣ ከረጢቱን ዝጉ።

ከመስጠታችሁ በፊት ሊመለስ በሚችል ፈሳሽ ሞክሩ። እግር ማንሳት ማለቴ ነው። ሕመምተኛው በግማሽ ተቀምጦ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ልቡ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨውን በዶፕለር ለኩ፤ ከዚያ ጀርባውን አስተኝታችሁ እግሮቹን በአልጋው ወደ 45 ዲግሪ አንሡ። ከእግርና ከሆድ ወደ 300 ሚሊ ሊትር ደም ወደ ልብ ይመጣል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የምቱ መጠን 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ልቡ ፈሳሽ ይቀበላል። እግሩን በእጅ ጎትታችሁ አታንሡ፤ ሕመሙ ራሱ ልቡን ያስሮጠዋል። የደም ግፊትን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ጭንቅላቱ የተጎዳ፣ የአንጎል ግፊቱ የሚያሰጋ ሰው ላይ አትሞክሩት፤ ሆዱ የተወጠረ ላይም ውጤቱን አትመኑ። አልጋው የማይታጠፍ ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር በአንድ ደቂቃ ሰጥቶ ያንኑ መለካት ይቻላል።

«ይቀበላል» ማለት «ያስፈልገዋል» ማለት አይደለም። ጤነኛ ሰው ላይም ብትሞክሩት ልቡ ይቀበላል፤ እኔና እናንተ ግን ግሉኮስ አልተሰቀለልንም። መጀመሪያ አካሉ ደም እንዳነሰው አረጋግጡ፦ ሽንቱ፣ ንቃቱ፣ ላክቴት ካለ ላክቴቱ። ጣቱን 10 ሴኮንድ ተጭናችሁ ስትለቁት ቅላቱ ለመመለስ ከ3 ሴኮንድ በላይ ከወሰደ ማሽን ሳይጠይቅ ብዙ ነግሯችኋል።

ቀሪውን በአጭሩ፦

ለመለካት ብላችሁ ቬንቲሌተሩን አትንቀሉ።

ፕሮቡን ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ሳታጸዱ አታሻግሩ፤ ጄሉንም ከሕመምተኛው ገላ ላይ ጥረጉ።

መጋረጃ ሳትስቡ ደረት አትግለጡ። ሰውየው ቢተኛም ሰው ነው።

ከሥዕሉ ጋር ፒፑን፣ ቲዳል ቮልዩሙን፣ በራሱ ይተንፍስ አይተንፍስ፣ ሰዓቱንም ጻፉ። የማታው ተረኛ የሚያነጻጽረው በዚህ ነው።

ማሽኑን ቻርጅ ላይ ሰኩት፤ መብራት የሚሄደው ሳይናገር ነው።

ለአስታማሚዎችም አንድ ቃል። «ግሉኮስ እንኳ አልሰቀላችሁለትም» ስትሉ የምትፈልጉት መልካም ነው፤ ባዶ ሆዱን እንዳይውል ነው። ግን አንድ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ የሚይዘው 50 ግራም ስኳር ነው፤ ጉልበቱ ከ200 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም። ምግብ የሚሆነው በአፍንጫ ቱቦ የሚገባው ነው። ፈሳሽ ሲቀነስ ወይም ሽንት የሚያስወጣው ላሲክስ ሲሰጥ ሕመምተኛችሁ ተረሳ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ለማላቀቅ የሚደረግ ዝግጅት ነው። «ዛሬ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ባልደረቦቼም ለዚህ ጥያቄ ቁጥር ይዛችሁ ቅረቡ። ከቤት ያመጣችሁትን አጥሚትም ሆነ ወተት ወይም ውሃ በቱቦው ከመስጠታችሁ በፊት ለነርሷ አሳዩና መጠኑ ይመዝገብ፤ እሱም ከገባው ይቆጠራል።