ጾም በዴልሂ፦ ለአስተናጋጁ ምን ብለን እንንገረው?

ጥያቄ፦ እናቴ የልብ ሕመም ስላለባቸው ሐኪሞች ሕንድ አገር ሄደው እንዲታከሙ መክረውናል። የተቀጠርነው ዴልሂ ነው፤ ቀጠሮው ከዐቢይ ጾም ጋር ገጥሟል። እናቴ ጾም ገድፈው አያውቁም። የነፍስ አባታቸው «ሕመምተኛ ነሽ፤ ብትገድፊም ኃጢአት የለብሽም» ቢሏቸው እሺ አላሉም። በዚያ ላይ ስኳርና የደም ግፊት አለባቸው። እኔ ደግሞ ኦቾሎኒ ከቀመስሁ ጉሮሮዬ ያብጣል። ሰዎች «ሕንዶች ሥጋ አይበሉም፤ ለጾመኛ የሚመች አገር ነው» ይሉናል። እውነት ነው? ሂንዲ አንድም ቃል አላውቅም። ምግብ ስናዝ የምንለውን ቢጽፉልን ትልቅ ውለታ ነው።

አስታማሚ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ሰዎቹ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። ዴልሂ ውስጥ ሥጋና እንቁላል የሌለበት ምግብ በየመንገዱ ይገኛል። ወተትና ቅቤ የሌለበትን ግን ፈልገውና ተናግረው ነው የሚያገኙት። ሕንድ በዓለም ላይ ብዙ ወተት በማምረት ቀዳሚዋ አገር ናት፤ ወጥ ቤቷም ያንን ይመስላል። «ቬጅ» የሚሉት ምግብ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም እንጂ ወተት፣ እርጎ፣ አይብና የነጠረ ቅቤ በሙሉ ይፈቀድበታል። ስለዚህ «ቬጅ ነኝ» ብለው ካዘዙ እናትዎ ሳያውቁ ጾማቸውን ይገድፋሉ።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስተው «ጾም ላይ ነኝ» ማለት ነው። በሂንዲ ጾም «ቭረት» ይባላል። የሂንዱዎች የጸደይ ነቭራትሪ ብዙ ጊዜ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ስለሚውል ከእኛ ዐቢይ ጾም ጋር ሊገጥም ይችላል። በዚያ ሰሞን ምግብ ቤቶች የቭረት ምግብ ለይተው ያዘጋጃሉ። ያ ምግብ ግን ከእኛ ጾም ጋር ፊትና ኋላ ነው፤ ስንዴ፣ ሩዝና ምስር ይከለክላል፣ ወተትና እርጎ ይፈቅዳል። አስተናጋጁ «ቭረት» ሲሉት ደስ ብሎት፣ አክብሮም ያቀርብልዎታል፤ ያቀረበው ግን ወተት ያለበት ነው። ለእርስዎ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፦ ከታወቁት የቭረት ምግቦች አንዱ የሆነው «ሳቡዳና ኪችዲ» የተፈጨ ኦቾሎኒ ይገባበታል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ የጾሙንም የአመጋገቡንም ስም አይጥሩ፤ የማትበሉትን በየስሙ ይቁጠሩ። ስም ከአገር አገር ትርጉሙ ይለያያል፤ ቅቤ ግን የትም ቅቤ ነው።

ለእናትዎ የሚሆነው ዋና ዓረፍተ ነገር

«ሜሪ ማ ዱድ፣ ደሂ፣ ጊ፣ መክሀን፣ ፐኒር ነሂን ክሃቲን።» እናቴ ወተት፣ እርጎ፣ የነጠረ ቅቤ፣ ለጋ ቅቤ፣ አይብ አይበሉም።

ቀጥለው «አንዳ፣ ማንስ፣ መችሊ ቢ ነሂን» ይበሉ። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣም እንዲሁ ማለት ነው።

ለራስዎ ሲናገሩ «ሜን … ነሂን ክሃቲ» ይላሉ፤ ወንድ ቢሆን «ክሃታ» ይላል። «ክሃቲን» ለእናትዎ የተጠቀምንበት የአክብሮት አነጋገር ነው። «ክሃ» ብዬ የጻፍሁትን እንደ «ካ» አድርገው፣ ትንፋሽ አክለው ይበሉት። ለአማርኛ ተናጋሪ ሁለት ነገሮች ይቀላሉ። አንደኛ፣ እንደ እኛው ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሁለተኛ፣ በግዕዝና በራብዕ መካከል ያለው ልዩነት በሂንዲም ስላለ «ነመክ»ን (ጨው) እንደተጻፈ ካነበቡት ይግባቡበታል።

አስተናጋጁን ሲጠሩ ወንድ ከሆነ «ባያ» (ወንድሜ)፣ ሴት ከሆነች «ዲዲ» (እኅቴ) ይበሉ። እዚያ ሰው በሥጋ ዝምድና ስም ሲጠራ ልቡ ይቀርባል፤ ጥያቄዎንም ቆሞ ያዳምጣል።

ቅቤው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው

ዳል የሚሉት የምስር ወጥ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳዎት። ምስሩ በውኃ፣ በእርድና በጨው ይበስላል፤ እስከዚያ ድረስ ንጹሕ የጾም ምግብ ነው። ሊቀርብ ሲል ግን ወጥ ሠሪው በትንሽ መጥበሻ ወይም በጭልፋ ጊ ያግላል፤ ከሙን ይጨምርበትና ሲንጣጣ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ በርበሬ ያክልበታል፤ ከዚያ ትኩሱን ምስሩ ላይ ይደፋዋል። ይህ «ተድካ» ይባላል። እኛ የፍስክ ሽሮ ላይ በመጨረሻ ንጥር ቅቤ ጣል እንደምናደርገው መሆኑ ነው። ወጥ ሠሪውን «ምስሩ ቅቤ አለው?» ብለው ሲጠይቁት «የለውም» ቢልዎት አልዋሸም፤ ድስቱ ውስጥ የለም። ሳህንዎ ላይ ሲደርስ ግን አለ።

ስለዚህ ስለ ተድካው ለብቻው ይናገሩ፦

«ተድካ ቴል ካ ለጋኢዬ፣ ጊ መት ዳሊዬ።» ተድካውን በዘይት አድርጉት፤ ጊ አትጨምሩ።

ስለ ቂጣውም ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ሮቲ የሚባለው ቂጣ ከስንዴ ዱቄትና ከውኃ ይሠራል፤ ከምድጃው ሲወርድ ግን ጊ ወይም ቅቤ መቀባት የተለመደ ነው።

«ሮቲ ፐር ጊ ያ መክሀን መት ለጋኢዬ።» ሮቲው ላይ ጊ ወይም ቅቤ አትቀቡ።

ናን የሚባለውን ወፍራም ዳቦ ለእናትዎ አያዝዙ፤ ሊጡ ብዙ ጊዜ በእርጎ ወይም በወተት ነው የሚቦካው፤ ያንን ደግሞ ከተጋገረ በኋላ ማውጣት አይቻልም።

«አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያስብል ጥያቄ አይጠይቁ

አስተናጋጁ እንግዳ ማስከፋት አይወድም። «ጊ የለውም አይደል?» ካሉት «የለውም» ማለቱ ይቀለዋል። ይልቁንም እንዲመርጥ አድርገው ይጠይቁት፦

«ኢስሜን ጊ ሄ ያ ቴል?» ይሄ ጊ ነው ያለው ወይስ ዘይት?

አንዱን ስም መጥራት ግድ ስለሚሆንበት እርግጠኛ ካልሆነ ወጥ ቤት ገብቶ ይጠይቃል። እንዲያ ሲያደርግ ደስ ይበልዎት፤ የሚፈልጉት ያንን ነው። ምን ምን እንዳለበት በጠቅላላ ለመጠየቅ «ኢስሜን ክያ ክያ ሄ?» ይበሉ። መልሱን ሲሰጥ ራሱን ግራና ቀኝ ወዝወዝ ካደረገ እሺ ማለቱ ነው፤ እምቢታ አይምሰልዎት።

ለስኳርና ለደም ግፊት

እዚህ ላይ ሂንዲ ይቀልዎታል። እኛ «ስኳር አለባቸው» እንደምንለው እነሱም የበሽታውን ስም «ሹገር» ይሉታል፦

«ሜሪ ማ ኮ ሹገር ሄ። ቺኒ መት ዳሊዬ።» እናቴ ስኳር አለባቸው፤ ስኳር አትጨምሩ።

የሕንድ ሻይ ወተቱና ስኳሩ አብሮት ፈልቶ ነው የሚቀርበው። በየሻይ ቤቱ «ካሊ ቻይ፣ ቢና ቺኒ» (ጥቁር ሻይ ያለ ስኳር) ብለው ማዘዝ አለብዎት። ለጨውና ለሚጥሚጣ ደግሞ «ነመክ ከም፣ ሚርች ከም» ይበቃል፤ ጨው ይቀነስ፣ ቃሪያና በርበሬ ይቀነስ ማለት ነው። በየማዕዱ የሚቀርበው አቻር የሚባለው የማንጎና የሎሚ ማባያ ጨው የበዛበት ስለሆነ የደም ግፊት ላለበት ሰው አይሆንም፤ ከሳህኑ ያንሡት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። እናትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ የሚቆዩ ከሆነ ይህን ለሐኪማቸው ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩ። የስኳር መድኃኒት ወስዶ ምግብ ማዘግየት ስኳሩን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ሊያስተካክል፣ ወይም «በዚህ ሳምንት አይቻልም» ሊል ይችላል። ያኔ የነፍስ አባታቸውን ቃል መልሰው ያስታውሷቸው። ቅቤና ወተት መተው ለልባቸውም ለስኳራቸውም አይከፋም፤ ሰዓቱን ግን ሐኪም ይወስን።

ለእርስዎ ኦቾሎኒ

ይህ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ለስለስ ብለው አይናገሩት።

«ሙጄ ሙንግፈሊ ሴ አለርጂ ሄ። ቶዲ ሲ ቢ ነሂን። ሳንስ በንድ ሆ ሰክቲ ሄ።» ኦቾሎኒ አለርጂ አለብኝ፤ ትንሽም ቢሆን አይሆንም፤ ትንፋሼ ሊዘጋ ይችላል።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ አለው። ብዙ ሰው «አለርጂ» ሲባል «አልወድም» የተባለ ይመስለዋል። «ትንፋሽ ይዘጋል» ሲባል ግን ወጥ ሠሪው ጭልፋውን ጭምር ያጥባል። ዘይቱንም «ቴል ኮንሳ ሄ?» (ዘይቱ የምን ነው?) ብለው ይጠይቁ። በሰሜን ሕንድ «ሰርሶን» የሚሉት የሰናፍጭ ዘይት የተለመደ ነው፤ በጉጅራትና በማሃራሽትራ ግን የኦቾሎኒ ዘይት በብዛት ይሠራበታል። ለቁርስ የሚቀርበው «ፖሃ» የተባለው የተዳመጠ ሩዝና የመንገድ ዳር «ቻት» ብዙ ጊዜ ኦቾሎኒ ይበተንባቸዋል፤ ይተዉአቸው። ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ ድንገተኛ መድኃኒት ካዘዘልዎ ከእጅ ቦርሳዎ አይለየው።

ምን እንዘዝ?

በዘይት እንዲሠሩ ካደረጉ ለእናትዎ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው፦ ዳል ተድካ፤ «ችሆሌ» የተባለው የሽምብራ ወጥ፤ «ራጅማ» የተባለው የቦሎቄ ወጥ፤ «አሉ ጎቢ»፣ ድንች በአበባ ጎመን፤ «ቢንዲ»፣ ባሚያ። ከደቡብ ምግቦች ኢድሊ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክቶ በእንፋሎት የሚበስል ነው፤ ወተት የለበትም፤ አብሮት የሚመጣው ነጭ ማጥቀሻ ግን እርጎ ሊኖረው ስለሚችል ይጠይቁ። ሩዝና ኢድሊ ስኳር ቶሎ ስለሚያወጡ ለእናትዎ መጠኑ አነስ ይበል።

በስማቸው ውስጥ «መክኒ»፣ «በተር»፣ «መላይ»፣ «ሻሂ» ወይም «ኮርማ» ያለባቸውን ከነአካቴው ይለፏቸው። ቅቤ፣ ክሬም ወይም ተፈጭቶ የገባ ካሹ የምግቡ መሠረት ስለሆነ «ያለ ቅቤ አድርጉልኝ» ቢሉም አይሆንም። ካሹ ከኦቾሎኒ የተለየ ቢሆንም ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድለት ሊደፍረው አይገባም።

ከሱቅ የታሸገ ምግብ ሲገዙ ማሸጊያው ላይ በአረንጓዴ አራት ማዕዘን ውስጥ አረንጓዴ ክብ ምልክት ያያሉ። ይህ «ቬጅ» ማለት ነው፤ ወተት የለበትም ማለት አይደለም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ፈጽሞ ለሌለበት ምግብ የተለየ ደንብና የራሱ ምልክት ወጥቷል። ያንን ካላገኙ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የይዘት ዝርዝር ያንብቡ፤ ወተት ካለ ተጽፎ ይገኛል።

ሆስፒታል ውስጥ

የውጭ አገር ታካሚ የለመዱት ትልልቅ ሆስፒታሎች የምግብ ባለሙያ አላቸው፤ «ዳይቲሽያን» ነው የሚሏት። እናትዎ አልጋ በያዙበት ቀን እንድትመጣ ይጠይቁና ከላይ ያለውን ዝርዝር ይንገሯት። አስተርጓሚ ካለ ደግሞ የእናትዎንና የእርስዎን ዓረፍተ ነገሮች በሂንዲ ፊደል በሁለት ካርዶች ላይ ያስጽፉ። በየምግብ ቤቱ ካርዱን ወጥ ቤት ድረስ እንዲያስገቡልዎ ይጠይቁ፤ የሚያበስለው ሰው ራሱ እንዲያነበው ነው። ሕክምናው ወደ ቼናይ ወይም ወደ ቤንጋሉሩ ከተዛወረ ሂንዲው ብዙም አይረዳዎትም፤ በቼናይ ታሚል፣ በቤንጋሉሩ ደግሞ ካነዳ የሚባል ቋንቋ ነው የሚነገረው። እዚያ እንግሊዝኛው ይሻላል፤ ካርዱንም በአገሩ ቋንቋ ያስጽፉ።

ለሙስሊም አንባቢዎቻችንም አንድ ቃል ልጨምር። ሥጋ ስታዙ «ክያ ዬ ሀላል ሄ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በሕንድ ሀላል ያልሆነ «ጀትካ» የሚባል አስተራረድ ስላለ ሥጋ ቤቱን ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም።

ጠያቂያችን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመያዝ አይጨነቁ። ከመሄድዎ በፊት ሦስቱን ብቻ ድምፅዎን አውጥተው ይለማመዱ፦ የእናትዎን ዝርዝር፣ «ጊ ሄ ያ ቴል?»ን፣ የኦቾሎኒውን ማስጠንቀቂያ። የቀረውን ካርዱ ይናገርልዎታል። እናትዎንም «ጊ» እና «ቴል» የሚሉትን ሁለት ቃላት ያስተምሯቸው፤ እርስዎ መድኃኒት ሊገዙ ወጣ ባሉ ሰዓት ምግብ ቢመጣ ራሳቸው ጠይቀው ይበላሉ። በሰላም ደርሳችሁ በጤና ተመለሱ፤ ለትንሣኤም በቤታችሁ ያድርሳችሁ።