ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብለው እንዲፈርሙ ሲታዘዙ

አንዲት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል፦ «ያልገባ የጽሕፈት ዕቃ ገብቷል ብዬ የንብረት ገቢ ደረሰኙ (ሞዴል 19) ላይ እንድፈርም ኃላፊዬ አዘዘኝ። በሐሰት መፈረም ኃጢአት ነው ብዬ እንቢ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ‹ጻድቋ መጣች› እያለ ያሸማቅቀኛል። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ‹ፍርዱን ለእግዚአብሔር ስጪው፤ ልጆችሽን አሳድጊ› አሉኝ። ሕጉስ ምን ይላል?»

እንቢ ማለትዎ ትክክል ነው፤ የሚደግፍዎትም እምነትዎ ብቻ አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 74 መሠረት፣ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ሠራተኛ «አለቃዬ አዞኝ ነው» ብሎ አያመልጥም። ፈርመው ቢሆን ኖሮ፣ ነገ ቆጠራ ሲደረግ ጉድለቱ በእርስዎ ስም ይመዘገብ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትዎን ያስከብራል። ሆኖም ይህን ጉዳይ የሃይማኖት አቤቱታ እንዳያደርጉት አጥብቄ እመክራለሁ። ኃላፊው የሚፈልገው ክርክሩ ከመጋዘኑ ወጥቶ በእርስዎ ጠባይ ላይ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ሲጽፉ «ኅሊናዬ አልፈቀደም» አይበሉ፤ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር ደረሰኝ የተጠቀሰው ዕቃ መጋዘን አልደረሰም» ይበሉ። ዋናውን ሰነድ ከቢሮ አያውጡ፤ ማውጣቱ ራሱ ያስጠይቅዎታል። ቁጥሩንና ቀኑን መያዝ ይበቃል።

ለንስሐ አባት መናገር በሕግ ዓይን ጥቆማ አይደለም። የወንጀል ሕጉ የሃይማኖት አገልጋዮችንም ምስጢር ከሚጠብቁት ወገን ስለሚቆጥራቸው፣ በእርስዎ ፈንታ ያመለክታሉ ብለው አይጠብቁ። አባታችንን አከብራለሁ፤ በምክራቸው ግን አልስማማም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ እርስዎም እኔም ይቅር ልንለው አንችልም።

ጥቆማውን ለመሥሪያ ቤትዎ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና መከታተያ ክፍል ማቅረብ ይችላሉ። ክፍሉ ከኃላፊዎ ጋር አንድ ግቢ መዋሉ ካሰጋዎት ግን በቀጥታ ወደ ፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን፣ መሥሪያ ቤቱ የክልል ከሆነም ወደ ክልሉ ኮሚሽን ይሂዱ። በፌዴራል ደረጃ ኮሚሽኑ ጥቆማውን ቢቀበልም፣ ምርመራውና ክሱ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በፖሊስና በዐቃቤ ሕግ እጅ ነው። ያዩትን በቅን ልቦና ተናግረው ጉዳዩ ባይረጋገጥ አይቀጡም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 447 የሚቀጣው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ሰውን የሚወነጅለውን ነው።

ለወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን እስከ መደበቅ የሚደርስ ጥበቃ ይሰጣል። ነገር ግን ወንጀሉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሚደርስ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ሁሉም የሙስና ወንጀል እዚህ ደረጃ አይደርስም፤ ይህን የአዋጁ ትልቅ ክፍተት አድርጌ አየዋለሁ። ቢሆንም ጥቆማውን ሲሰጡ ጥበቃውን በዚያው ጊዜ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከሥራ ቢያሰናብቱዎት ለመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላሉ። የይግባኙ ጊዜ አጭር ስለሆነ ደብዳቤው በደረሰዎት ቀን ጠበቃ ያማክሩ።