የቆመ መኪና ባትሪና አነስተኛ ሶላር ቻርጀር

እንደሚታወቀው በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ መኪና የሚሯሯጠው ቡና ሲለቀም ነው። ለቀማው አልቆ ዝናቡ ሲበረታ ለሳምንታት የሚቆም መኪና አይጠፋም። ከዚያ ቁልፉ ሲዞር "ጠቅ" ብሎ ዝም! ሰው ተጠርቶ ይገፋል።

የሊድ አሲድ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከ12.4 በታች ወርዶ ከቆየ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጠጥራል፤ ይህ ደግሞ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም በደንብ አይለቅም። የመኪናው ሰዓትና አላርም 30 ሚሊአምፒር ቢስቡ በቀን 0.72 አምፒር-ሰዓት ነው። በወር ከ21 ይበልጣል፤ ከባለ 70ው ባትሪ ሲሶ ያህሉ ሄደ ማለት ነው።

10 ዋት ፓነል በሙሉ ፀሐይ 0.55 አምፒር ገደማ ይሰጣል። በደመናማ ቀን የሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ቢያገኝ 1.1 አምፒር-ሰዓት ይሆናል፣ ይበቃል። 5 ዋቱ ግን የዚህ ግማሽ ስለሆነ ያንሳል። ስለዚህ ፓነል ሲመረጥ በበጋ ፀሐይ ሳይሆን በክረምቱ ይሰላ። ሌላው ስህተት መኪናውን ዛፍ ሥር አቁሞ ፓነሉንም እዚያው መተው ነው። ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ አንዱ ላይ ያረፈ የቅጠል ጥላ የሌሎቹንም ኩረንት ይቀንሳል። ሽቦውን አስረዝሞ ፓነሉን ገላጣ ቦታ ማውጣት ይሻላል።

ፓነሉ ጭነት ከሌለበት 21 ቮልት ሊደርስ ስለሚችል፣ ለሳምንታት ሲተው ቻርጅ ኮንትሮለር ከሌለ የባትሪውን ውሃ ይጨርሳል። ባለ 24 ቮልት አይሱዙ ከሆነ ደግሞ የ12 ቮልት ፓነል አይሞላውም።

"የሞተ ባትሪም በዚሁ ይነሳል" የሚል ጓደኛ ካለ 70ን ለ1.1 ያካፍል። ሌላ የሚስበው ነገር ባይኖር እንኳ ከ60 ቀን በላይ ነው።