ከወላይታ የወጡ ሰዎች ዘራቸው እንዴት ይፈለጋል?

ከወላይታ ተነሥቶ ወደ ሩቅ አገር የሄደ ሰው የልጅ ልጁ ተመልሶ «እኔ የማን ወገን ነኝ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ከየት ያገኛል? ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በመዝገብ ብቻ የፈለገ እንደ ሆነ ሦስተኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ መንገዱ ይጠፋበታል። ምክንያቱ የስም አወጣጣችን ነው።

ይህን ለመረዳት የሌላውን አገር ልማድ ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ኮርንዎል የሚባል ክፍል አለ። ሰዎቹ ከጥንት ጀምሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት የመዳብ ዋጋ በወደቀ ጊዜ ብዙዎቹ ወደ አውስትራልያ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሜክሲኮና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዱ። ዛሬ ዘሮቻቸው የአያቶቻቸውን መንደር የሚያገኙት በሁለት ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1538 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በየደብሩ እንዲጻፍ ታዞ ነበር። ሁለተኛም የቤተ ሰቡ ስም ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ስለዚህ በኮርንዎል መዝገብ የተጻፈው ስም ባሕር ተሻግሮ በአውስትራልያ መቃብር ላይ ይነበባል።

በኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ አንጁሎ ሻንካ የሚባል ሰው ከሶዶ አጠገብ ተነሥቶ ወንጂ ወረደ እንበል። ልጁ ጌታቸው አንጁሎ ይባላል፤ የጌታቸው ልጅ ደግሞ ማርታ ጌታቸው። በማርታ ወረቀት ላይ ሻንካ የለም፤ አንጁሎም ካልተጠየቀ አይጻፍም። ከዚህም በቀር በትምህርት ቤት ወይም በክርስትና ጊዜ የወላይትኛው ስም በአማርኛ ስም የተለወጠበት ሰው ጥቂት አይደለም። ሁለት ስም ያለውን ሰው በአንዱ ብቻ የሚፈልግ ይደክማል።

ወረቀት የጣለውን የሚይዘው ጎሳ ነው። የወላይታ ሕዝብ ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ሥር ብዙ ጎሳዎች አሉት። ጎሳ በአባት ይወርዳል፤ ሴትም ብታገባ የአባትዋን ጎሳ አትለቅም። አንድ ጎሳ የሆኑ ሰዎች መጋባታቸው ነውር ስለሆነ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲጠየቁ አስቀድመው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ዘር መቍጠር የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። ጎሳውን ሳያውቅ በሩቅ አገር ያደገ ወጣት የገዛ እኅቱ የምትባለውን ሊያጭ ይችላልና።

ከአገር የወጡት ሰዎች በአንድ ጊዜና በአንድ ምክንያት አልወጡም። በ1887 ዓ. ም. ዐፄ ምኒልክ በወላይታ ላይ በዘመቱ ጊዜ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ተማርከው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። የእሳቸው ስም በታሪክ ተጽፎአል። ከእሳቸው ጋር በምርኮ የተነዱት ብዙ ሰዎች ግን ስማቸውን የጻፈላቸው የለም። የነዚያን ዘር ማግኘት ከሁሉ ይልቅ ከባድ ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ. ም. ሲከፈት፣ ቀጥሎም በመተሐራና በአዋሽ ሸለቆ እርሻ ሲስፋፋ፣ ብዙ ወላይታ ለሸንኮራ ቈረጣና ለጥጥ ለቀማ ወረደ። ለአንድ ወቅት ብሎ ሄዶ በዚያው የቀረ ብዙ ነው።

ከሁሉ በኋላ የሄዱት ሕፃናት ናቸው። በ2010 ዓ. ም. እስኪከለከል ድረስ ከወላይታም ብዙ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተወስደዋል። ዛሬ አድገው ወላጆቻቸውን ይፈልጋሉ። ስማቸው ቢለወጥም ጉዲፈቻውን ያጸደቀው በአዲስ አበባ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ስለሆነ ከዚያ ያለው መዝገብ መነሻ ይሆናል። ነገር ግን በጉዲፈቻ ወረቀት የተጻፈው ሁሉ እውነት ሆኖ አልተገኘም፤ ወላጅ በሕይወት ሳለ «ሞቶአል» የተባለበት አለ። ስለዚህ ወደ ቀበሌው መጥቶ ጎረቤትን መጠየቅ ግድ ነው።

ወረቀት ለሚፈልግ ሰው የአስተዳደሩን ታሪክ ማወቅ ያስፈልገዋል። ወላይታ ቀድሞ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረ፤ ዋና ከተማውም መጀመሪያ ይርጋለም፣ በኋላ አዋሳ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አርባ ምንጭ ላይ በተቀመጠው በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበረ፤ በ1993 ዓ. ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ከ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። የአንድ ቤተ ሰብ ወረቀት በአራት ከተማ ተበትኖ ቢገኝ አይደንቅም። በቀድሞ መጻሕፍትም ሕዝቡ «ወላሞ» ተብሎ ተጽፎአል። ስሙ ዛሬ እንደ ስድብ ይቈጠራል፤ ፈላጊው ግን በዚያም ስም መመልከት አለበት። የውጭ አገር ወረቀት ላይ ያለው ዓመት ከኛ ዓመት በሰባት ወይም በስምንት እንደሚበልጥም አይርሳ።

ከ2008 ዓ. ም. መጨረሻ ወዲህ የልደት ምዝገባ በአገሩ ሁሉ ተጀምሮአል። መልካም ነገር ነው፤ ጎሳ ግን በዚያ ወረቀት ላይ አይገባም። እሱን መጻፍ የቤተ ሰቡ ድርሻ ነው። ለዚህ የሚመቸው ጊዜ በመስከረም የሚከበረው ጊፋታ ነው፤ ከወንጂም ከአዲስ አበባም ዘመድ በአንድ ቤት ይሰበሰባልና። ሽማግሌው የሚናገረውን ወደ አማርኛ ሳያዞሩ በወላይትኛ እንዳለ መጻፍ ይሻላል። የሴቶቹንም ወገን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይህን ይተወዋል። የአባት መስመር በጠፋ ጊዜ የእኅታቸው ልጆች የት እንደ ደረሱ የሚያስታውሱት የእናት ወንድሞች ሊሆኑ ይችላሉ።