ሴሌኒየም፤ ዓይነቱና መጠኑ

ሴሌኒየም የተባለው ማዕድን ለሰውም ለከብትም እጅግ በጥቂቱ ያስፈልጋል። እህልና ሣር ከአፈር ስለሚያገኙት መጠኑ እንደየምድሩ ይለያያል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት በአማራ፥ በኦሮሚያና በትግራይ የተሰበሰበው እህል የያዘው ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ እጅግ የተለያየ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲሁም በካርቱም ገበያ ዱራ የተባለውን ማሽላ የሚገዛ ሰው የበቀለበትን አፈር ሀብት ወይም ድህነት አብሮ ይገዛል።

ይህ ማዕድን ያነሳቸው ጥጆችና ግልገሎች ጡንቻቸው ነጥቶ ይደክማሉ፤ ቆመው መጥባት ተስኗቸው የሚሞቱም አሉ።

ለማሟያ የሚሰጡት ዋና ዋና ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሶዲየም ሴሌናይት የተባለው ጨው ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው፥ ነገር ግን በሚያመሰኩ እንስሳት ሆድ ብዙው ሳይጠቅም ይወጣል። ሁለተኛው በእህልና በሴሌኒየም ባደገ እርሾ የሚገኘው ሴሌኖሜታዮኒን ነው፤ ሰውነት ከ10 እጅ 9 ያህሉን ይቀበለዋል፥ በሥጋም ያከማቸዋል። የተከማቸውም ቶሎ ስለማይወገድ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

ስለዚህ ከዓይነቱ አስቀድሞ መጠኑን ማወቅ ይገባል። በ1 ኪሎግራም ደረቅ መኖ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊግራም ይበቃል፤ 5 ሚሊግራም ደርሶ ሲዘወተር ግን ጋማና ጅራት ይረግፋል፥ ሰኮና ይሰነጠቃል። ለአዋቂ ሰው በቀን 55 ማይክሮግራም ያህል ይበቃል፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 የወሰነው ጣሪያ 255 ነው።

እንግዲህ ባለከብት ሁሉ የከብት ሐኪም ሳይጠይቅ ሴሌኒየም ያለበትን የሚላስ ጨውና መርፌውን ደራርቦ አይስጥ።