ሸክሙ ከኃይላችን ሲበልጥ
ለጥናት፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 12፥7–10

መከራ በበረታብን ጊዜ፣ «እምነታችን ቢጸና ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብን ነበር» የሚል አሳብ ልባችንን ይከሰዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተወሰደለትም፤ የሚችልበት ጸጋ ተሰጠው እንጂ። እንግዲህ የሸክሙ መቆየት የእምነት ማነስ ምስክር አይደለም።

ይህንኑ በአንድ የሉተራውያን ካህን ሕይወት እናስተውል። ማርቲን ሪንካርት በጀርመን አገር በአይለንቡርግ ከተማ ያገለግል ነበር። የሠላሳው ዓመት ጦርነት አገሩን ሲያጠፋ፣ በ1637 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቸነፈር በከተማይቱ ገባ። ሪንካርት ከ4,000 በላይ ሙታንን ቀበረ፤ የገዛ ሚስቱም በዚያው ዓመት ሞተች። ጦርነቱም እስከ 1648 አላበቃም። ካህኑ ግን መንጋውን ትቶ አልሸሸም። እስከ ዛሬ በብዙ ቋንቋ የሚዘመር የምስጋና መዝሙር የደረሰ ይኸው ሰው ነው።

በመከራ ጊዜ ማመስገን ክፉውን መልካም ብሎ መጥራት አይደለም፤ የማይለወጠውን አምላክ አለመልቀቅ ነው። ስለዚህ ኀዘን ወይም ደዌ ሲከብድብን እንባችንን ከእግዚአብሔር አንሰውር፤ የዛሬውንም ተግባር ለዛሬ በተሰጠን ጸጋ እንፈጽም። መከራ የጸናበትን ወንድም፣ መከራ የጸናባትንም እኅት፣ «እምነታችሁ አነሰ» ብለን አንውቀሳቸው፤ ገላትያ 6፥2 እንደሚያዝዘን ከጎናቸው ቆመን ሸክማቸውን እንሸከም።